ተሸክሞ መቆም ሥራ አይደለም

አጎቴ ሉማሜ ላይ ሳይንስ ያስተምሩ ነበር። ክረምት በገባ ቁጥር፣ ዩኒቨርሲቲው ከየጠቅላይ ግዛቱ ለሚመጡ መምህራን የሚሰጠውን የፊዚክስ ትምህርት ሊከታተሉ አዲስ አበባ ይሄዳሉ። በመስከረም ሲመለሱ የተማሩትን መጀመሪያ የሚሞክሩት እኛ ላይ ነው።

ባለፈው መስከረም እናቴ የጤፍ ስልቻ እንደተሸከመች ደጃፍ ላይ ቆማ ከጎረቤት ጋር ስታወጋ አዩዋት።

«እቴ፣ ተሸክሞ መቆም እኮ ሥራ አይደለም። ዕቃው ከቦታው ካልተንቀሳቀሰ በፊዚክስ ሥራ አልተሠራም» አሏት።

እናቴ ታላቃቸው ናት። ስልቻውን ትከሻቸው ላይ ጫነችና «እንግዲያው አንተ ቁም» አለቻቸው።

ቆሙ። ወሬዋን ጨርሳ እስክትመለስ ላብ አጥምቋቸው ነበር።

«ሥራ ካልሠራሁ ታዲያ ለምን ደከመኝ?» አሉ እየሳቁ። «በሚመጣው ክረምት እዚያው ጠይቄ እነግርሻለሁ።»

ክረምቱ ሳይገባ ዐረፉ።

ሻንጣቸውን ይዤ አውቶቡስ ድረስ የምሸኛቸው እኔ ነበርኩ። ዛሬ የጎረቤቶቹ ከተሞች፣ የአምበርና የቁይ መምህራን ለትምህርቱ ሲሳፈሩ ባዶ እጄን ሄጄ፣ አውቶቡሱ ከዓይኔ እስኪሰወር ቆሜ አየሁ። ምንም አልተሸከምኩም፤ ከቦታዬም አልተንቀሳቀስኩም። ቢኖሩ «ሥራ አልሠራሽም» ይሉኝ ነበር።

ግን ደክሞኛል። ለምን እንደሆነ የሚጠይቅልኝ የለም።