ፎሶሊያችን በፊደላችን ኮሊንግዉድ ላይ ቆመች

ዛሬ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ኮሊንግዉድ በሚባለው ሰፈራችን፣ ከፎቃችን ሥር ባለው የጋራ አትክልት ቦታ፣ በአማርኛ የተጻፈ ሰሌዳ ቆሟል። የጻፍኩት እኔ ነኝ! እልል በሉልኝ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቱርካዊቷ ኤሚኔና ግሪካዊቷ ማሪያ (በእናቴ ዕድሜ ስለሆኑ በልቤ እትዬ ነው የምላቸው) አንድ መደብ ላይ አብረው ፎሶሊያ ዘርተዋል። ሰሌዳው ላይ ምን ይጻፍ በሚል ግን ሰሞኑን ተኮራርፈው ነበር። አንዷ "ፋሱልዬ"፣ ሌላዋ "ፋሶልያ"።

"በእንግሊዝኛ 'ቢንስ' ብለን ብንገላገልስ?" አልኩ። ሁለቱም የሰደብኳቸው ያህል አፈጠጡብኝ።

ስልኬን አውጥቼ ጉግል አደረግሁ። ቱርክኛው ከግሪክኛ የተወሰደ ነው ይላል። እትዬ ማሪያ አጨበጨቡ። እትዬ ኤሚኔ ንቅንቅ አላሉም፦ "ቃሉን ይውሰዱት፤ አሠራሩን ግን ከኛ ነው የተማሩት!"

ይሄኔ "እኛም አገር እኮ ፎሶሊያ ነው የሚባለው" አልኩ።

"እናንተ ደግሞ ከማን ወሰዳችሁት?" አሉኝ ሁለቱም።

በየት በኩል ዞሮ እንደደረሰን እኔ በምን አውቄ! በጾም ከካሮት ጋር ይቀርብልናል፣ እንበላለን፣ አለቀ።

አንዷ ለሌላዋ ከምትሸነፍ ብለው ብሩሹን ለኔ ሰጡኝ። እኔም በትልልቁ "ፎሶሊያ" ብዬ ጻፍኩት።

ሁለቱም ፊደላችንን ማንበብ አይችሉም። ሁለቱም ግን መንገደኛውን ሁሉ እያስቆሙ "የኛ ቃል ነው" እያሉ ነው።

እናንተስ ከጎረቤት ጋር ያጨቃጨቃችሁ የምግብ ስም አለ? ጻፉልኝ፤ ቀለሙ ገና አላለቀም።