እሳቷ እጅ የሰጠችበት መጽሔት

ባለፈው ቅዳሜ አያት ሰፈር፣ ልጄ ቤት ቁጭ ብዬ ምስር ስለቅም፣ የልጅ ልጄ ማህሌት ታብሌቷን ሶፋው ላይ ወረወረችው።

«ምን ሆንሽ?»

«አበላሿት፣ እማማ! አዲሱ ኮሚክስ ላይ ዝም ብላ ታለቅሳለች።»

የምትወዳት ጀግና፣ ያቺ የምትበረው ሴትዮ፣ በአዲሱ ተከታታይ ልፍስፍስ ብላባታለች። ልስቅ አልኩና ተውኩት። እኔም በእሷ ዕድሜ እንዲህ ተናድጄ አውቃለሁ።

በደርግ ዘመን የቦሌ ሰፈራችን ቶሎ ያልቅና እርሻ ይጀምራል። ከአዜብ ቤት ጓሮ ጀምሮ የሽምብራ ማሳ ነበር። አዜብ ጎረቤቴም የክፍል ጓደኛዬም ናት። ታላቅ ወንድሟ ታዬ አውሮፕላን ማረፊያ ተቀጥሮ አውሮፕላን ያጸዳል፤ መንገደኞች ወንበር ላይ ትተው የሚወርዱትን የሥዕል መጽሔት ሸሚዙ ውስጥ ከትቶ ያመጣልናል፣ እንግሊዝኛው ሲከብደንም ይተረጉምልናል። ከሁሉ የምንወዳት ቀይ ካባ የምትለብሰዋ ሴት ነበረች። «እሳቷ» አልናት። ጥይት በመዳፏ ትቀልባለች። ጠዋት ትምህርት ቤት ስንሄድ መንገድ ዳር ሬሳ እያየን ስለምናልፍ፣ ጥይት የማይበሳው ሰው በወረቀት ላይ እንኳ መኖሩ ደስ ይለን ነበር።

አንድ የጥር ቀን ታዬ አዲስ ተከታታይ አመጣ። አጥሩ ሥር ተቀምጠን የሽምብራ እሸት እየፈለፈልን ገለጥነው። እሳቷ ካባዋን አውልቃለች። ጠመንጃ የያዙ ሰዎች ሲከቧት ሁለት እጇን ወደ ላይ አነሳች፤ በቃ፣ እዚያው አለቀ።

«እጅ ሰጠች?» አለች አዜብ። «እሷ?»

«ምን ታድርግ፣ ከበቧት» አላት ታዬ።

«እና ቢከቧት!» መጽሔቱን ከእጁ ነጥቃ ለሁለት ቀደደችው።

ሳምንት ሳይሞላ አሰሳ ሆነ። ከሰዓት በኋላ እነ አዜብ ቤት ከእሷ ጋር የቤት ሥራ እየሠራን ሳለ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በሩን በእግራቸው ከፍተው ገቡ። ታዬን «ወረቀት በታኝ» ብሎ የጠቆመ ሰው ነበር። አንደኛው ምንም ሳይጠይቅ በሰደፍ አፉን መታው። ጥርሱ ሲሰበር ሰማሁት። ሲወድቅ ጎኑን ረገጡት፤ ደሙ ደብተራችን ላይ ተረጨ። እናታቸው እትዬ ዘነበች «በማርያም! በማርያም!» እያሉ የሰዎቹ እግር ላይ ቢወድቁ እሳቸውንም ገፈተሯቸው።

«እጅ ወደ ላይ!» አለን ሁለተኛው። እኔ አነሳሁ።

አዜብ አላነሳችም። ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመችና ጆሮውን ነከሰችው። ሰውየው እንደ በግ ጮኸ፤ ጠመንጃው ባረቀና ጣሪያው ተበሳ። ባልደረባው እሷን ሊያላቅቅ ሲዞር፣ ታዬ በአራት እግሩ ድኾ በጓሮ በር ወጣ፣ አጥሩን ዘለለ። ወደ ማሳው ተኮሱበት፤ ሳቱት። ያን ጊዜ ንዴታቸውን ሁሉ እሷ ላይ አወረዱት። በሰደፍ ጭንቅላቷን፣ ክንዷን፣ ጀርባዋን መቷት። መጮህ ካቆመች በኋላም አላቆሙም። ፀጉሯን ይዘው እየጎተቱ ወደ ቀበሌ ወሰዷት።

የተለቀቀችው ክረምት ሲገባ ነው። ወፌ ላላ ገልብጠው ውስጥ እግሯን ገርፈዋት፣ ቆማ መሄድ አልቻለችም። ቁስሏን በጨው ውሃ ሳጥብላት፣

«አመመሽ?» አልኳት።

«እብድ ነሽ እንዴ? በጣም ነው እንጂ» አለችና አለቀሰች። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ «ታዬስ?» አለችኝ። ሱዳን መግባቱን ሰው ነግሮን ስለነበር በጆሮዋ ሹክ አልኳት። እያለቀሰች ሳቀች።

ይህን ለማህሌት ስነግራት ምስሬን መልቀም ትቼ ነበር።

«ታዲያ አሸነፈች?» አለችኝ።

አዜብ እስከ ዛሬ ታነክሳለች፤ ግራ ጆሮዋም አይሰማም። ያን ዕለት እጄን በማንሳቴ አንድም ቀን አልወቀሰችኝም። እነዚያን መጽሔቶች ግን እኔ እስከ ዛሬ እታዘባቸዋለሁ። የድሮዎቹ መዋጋት አያምም አሉን፤ አዲሱም እጅ መስጠት አያምም አለን። ሁለቱም ያማል። አዜብ ስለተዋጋች ግን ታዬ አመለጠ።

«ታዬ የልጅ ልጅ አይቷል» አልኳት።

ማህሌት «እሷን ማየት እፈልጋለሁ» አለች። ስልኬን አንስቼ አዜብ ጋ ደወልኩ።