አሰበ ተፈሪ ላይ የሞከርኩት ሲስተም

በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ከአዲስ አበባ አሰበ ተፈሪ ግብርና ቢሮ ተመድቤ ሄድኩ። እዚያ ዘመድ የለኝም፤ ኦሮምኛም አልችልም። ከምሳ በኋላ ባልደረቦቼ ጫት ሊቅሙ ወደየበርጫቸው ሲበተኑ እኔ ቢሮ እቀራለሁ። ከልቡ የሚያጫውተኝ ሰው ቢኖር ታይፒስታችን ነበሩ፤ የከተማዋ ተወላጅ፣ እናቴን በዕድሜ የሚያህሉ ሙስሊም ሴት።

አንድ ቀን ዋናው መሥሪያ ቤት ለኮምፒውተራችን አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም በዲስኬት ላከና፣ ለየክፍለ ሀገሩ ቢሮ ይሆን እንደሆነ ሞክሬ አስተያየት እንድጽፍ አዘዘኝ። የድሮው ትእዛዙ ፊደል ሳይሳት ካልተጻፈለት ንቅንቅ አይልም። አዲሱ ሁሉን በትንንሽ ሥዕል ደርድሮ በማውስ ያስመርጣል። መብራት እየሄደብኝ ስንቴ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ተሳክቶልኝ ለማሳየት ዞር ስል ግን ክፍሉ ባዶ ነው።

ታይፒስቷ ኮምፒውተሩ ከመጣ ወዲህ ርቀውኛል። እንጀራቸውን የሚነጥቅ መስሏቸው እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እባክዎ ይሞክሩት ብዬ ለመንኳቸው። ማውሱን እንደሚፋጅ ነገር በጣታቸው ጫፍ ያዙት። ቀስቷ ከስክሪኑ ጥግ ስትወሸቅባቸው ሳቁ፤ እኔም ሳቅሁ። ብዙም ሳይቆዩ የዘርና የማዳበሪያውን ሠንጠረዥ ያለ እኔ ከፍተው ይሞሉት ጀመር። ከዚያ በኋላ ከሰዓቱን አብረን እንቀመጥ ነበር። በሥራው መሃል ስለ ቦኬ ገበያ፣ ስለ ሟች ባላቸው ያወሩኛል። በዚያ ከተማ ብቸኝነት የለቀቀኝ ያን ሰሞን ብቻ ነው።

አስተያየቴን ጻፍኩ። ሲስተሙ ይዘገያል፣ መብራት ሲጠፋ ሥራ ያጠፋል፣ ነገር ግን ኮምፒውተር ነክቶ የማያውቅ ሰው ቶሎ ይለምደዋል፤ ለዚህም ታይፒስታችን ምስክር ናቸው አልኩ። መልሱ ለቢሯችን ኃላፊ በስልክ መጣ፦ ሴትዮዋ የሌሎች ቢሮዎችን ታይፒስቶች እንዲያስተምሩ አዲስ አበባ ተዛውረዋል።

«አንተ ነህ ያስጠራኸኝ?» አሉኝ።

«የሠሩትን ነው የጻፍኩት» አልኳቸው።

«የመጨረሻ ልጄ እዚያ ናት። አላህ በአንተ ምክንያት ከልጄ አገናኘኝ።»

ፊታቸው እንዲያ ሲበራ ይቅሩልኝ ማለት አልሆነልኝም። ሻንጣቸውን ተሸክሜ አውቶቡስ ተራ ሸኘኋቸው። አውቶቡሱ በአሰቦት በኩል ወደ አዋሽ የሚወርደው ነበር፤ መታጠፊያው እስኪሰውረው ቆሜ አየሁት።

ሲስተሙ ጸድቆ ለየቢሮው ታደለ። በእሳቸው ቦታ ግን ሰው አልተቀጠረም። ኮምፒውተሩ አማርኛ አይጽፍምና የአማርኛውን ደብዳቤ ሁሉ በጽሕፈት መኪናቸው፣ በሁለት ጣቴ እየለቀምኩ እኔው እመታ ጀመር። ከሰዓት በኋላ ቢሮው ውስጥ የሚሰማው የዚያ ድምፅ ብቻ ነበር።