የኮምፒውተሩን ቀን የምሞላው እኔ ነበርኩ

ቤታችን ያለው ኮምፒውተር ከሴት ልጄ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ ነው። ይዛው ስትመጣም ያረጀ ነበር። ስክሪኑ እንደ ድሮ ቴሌቪዥን ጀርባው ወፍራም ነው። ሳጥኑ ሲበራ እንደ ወፍጮ ያጓራል። አንዳንዴ የስክሪኑ መልክ በሙሉ ሮዝ ይሆንና በግራ በኩል በመዳፍ ሲመታ ወደ ቀለሙ ይመለሳል፤ በቀኝ በኩል ቢመታ አይሰማም። ፍላሽ የሚሰካበት ቀዳዳ ደግሞ ላልቷል፤ ፍላሹን በጣት ደግፎ የሚይዝለት ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ በቤታችን ፋይል መገልበጥ የሁለት ሰው ሥራ ነው፤ አንዱ ይገለብጣል፣ አንዱ ይይዛል።

ከሁሉም የባሰው ግን ቀኑ ነው። አሶሳ ላይ መብራት ጠፋ ማለት ወሬ አይደለም፤ በጠፋ ቁጥር ግን ኮምፒውተሩ ሁሉን ረስቶ ወደ ተሠራበት ዓመት ይመለሳል። የሰፈራችን ጠጋኝ ውስጡ ያለችውን ትንሽ ባትሪ ሁለት ጊዜ ቀየረ። ሁለቱም በወራቸው ሞቱ። ሦስተኛ ጊዜ ስሄድ፣ "አንተ እናቴ፣ ባትሪው ጥፋት የለበትም፤ ቦርዱ ነው የሚበላው። አንተ ቀኑን በእጅህ ሙላ፣ ከዚያ ሻይህን ጠጣ" አለኝ። ሰውየው አፉን የፈታው በበርታኛ ነው። በአማርኛ ወንዱንም ሴቱንም፣ ሹሙንም ሽማግሌውንም "አንተ" ነው የሚለው። ማንንም ስለማያበላልጥ ቅር ብሎኝ አያውቅም።

በየጠዋቱ ቀኑን መሙላት የእኔ ሥራ ሆነ፤ ከቤቱ ሰው ቀድሜ የምነሳው እኔ ነኝና። የልጅ ልጄ ከታች ጥጉ ላይ ያለውን ሰዓት እንዴት እንደምነካ አሳየችኝ። ፊደል የቆጠርኩት ከወሎ አምጥተው እዚህ ባሰፈሩን ጊዜ፣ በሰፈራ ጣቢያው መሠረተ ትምህርት ነው፤ ቁጥር አያስቸግረኝም። አንድ ወር ያህል እንዳሳየችኝ በፈረንጅ አቆጣጠር ሞላሁ። ከዚያ ተውኩት። ኮምፒውተሩ የሚኖረው እኛ ቤት ነው፤ የሚበላው መብራት በእኛ ቆጣሪ ነው የሚያልፈው፤ በሌላ አገር አቆጣጠር የሚውልበት ምክንያት አልታየኝም። ዓመቱንም ወሩንም ሰዓቱንም የእኛን አደረግሁት። መስከረም አንደኛ ወር፣ ጥቅምት ሁለተኛ፣ እያለ ይሄዳል። የሚያስቸግረው ሁለት ቦታ ብቻ ነው። ጥቅምት ሃያ ዘጠኝንና ሠላሳን አይቀበልም፤ የእሱ ሁለተኛ ወር አጭር ነው። በእነዚያ ሁለት ቀናት ሃያ ስምንት ላይ እተወዋለሁ። ጳጉሜንን ጭራሽ ስለማያውቃት ነሐሴ ሠላሳ ላይ ሆኖ አዲስ ዓመትን ይጠብቃል።

ኢንተርኔት ስላላስገባንለት ቀኑን የሚያርመው አልነበረም፤ ማንም ቅሬታ አላቀረበም። የልጅ ልጄ አይታ ኖሯል። ዝም ያለችው ከእኔ ጋር መከራከር ጊዜ ስለሚወስድ ነው፤ በኋላ ራሷ ነገረችኝ።

ልጅቷን ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ "እማዬ" ነው የምትለኝ። ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ላይ ስትደርስ የመመረቂያ ጽሑፍ ታዘዙ። እሷ የአሶሳ ገበያ ማንጎ ለምን ሳይሸጥ እንደሚበላሽ ጻፈች። ስትጽፍ አይቻለሁ፤ ስክሪኑ ሮዝ ሲሆን የምመታላት እኔ ነበርኩ። ካስገባች በኋላ አንድ ቀን ከኮሌጅ መጣችና ጫማዋን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"ምነው?"

"ዜሮ ልሰጥሽ ነው አለኝ።"

"ማን?"

"መምህሩ። ከጓደኛሽ ጋር አንድ ዓይነት ጽሑፍ ነው ያስገባችሁት አለኝ። ፋይላችሁን በፍላሽ አምጡ አለን። የእሷ ባለፈው ወር የተጻፈ ነው ይላል። የእኔ ደግሞ..."

"የአንቺስ?"

"ከሰባት ዓመት በፊት።"

አሰላሁት። ከሰባት ዓመት በፊት ሰባተኛ ክፍል ነበረች። ያን ጊዜ ስለ ማንጎ የምታውቀው መብላቱን ብቻ ነው።

"ቀኑን የነካካሽው ቀድሜ ጻፍኩ ለማለት ነው፣ እሱንም አላወቅሽበትም አለኝ። ዜሮ ካገኘሁ ዘንድሮ አልመረቅም፣ እማዬ።"

"የሞላችው አያቴ ናት አትይውም?"

"እንዴት ብዬ? አያቴ ናት ብል ማን ያምነኛል?"

"እውነቱ እሱ ነዋ።"

"እሱማ ነው" አለች፣ ጫማዋን እያየች።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ነቅዬ ባጃጅ ጠራሁ። ልጅቷ ፎቶ አንስተን ብናሳየው ይሻላል ብላ ነበር። ፎቶ የሚያምን ሰው ቢሆን ቃሏን ባመናት ነበር። ስክሪኑን ጭኔ ላይ አደረግሁት፤ ሳጥኑን እሷ ታቀፈች፤ ኪቦርዱ ከሹፌሩ ጎን ሄደ።

"እማማ፣ ሊያሠሩት ነው?" አለኝ ሹፌሩ።

"አይደለም። ሊመሰክር ነው" አልኩት።

መምህሩ ጨዋ ሰው ነው። ተነስቶ ወንበር ሰጠኝና፣ "እናቴ፣ ይሄ በኮሌጁ ደንብ ነው የሚታየው" አለኝ።

"ይታይ። መሰኪያው የት ነው?"

ሲበራ ሮዝ ሆነ። መታሁት። መምህሩ ትንሽ ወደ ኋላ አለ። ቀኑ ወደ ተሠራበት ዓመት መመለሱን አሳየሁት፤ ከዚያ ዓይኑ እያየ የዕለቱን ቀን በእኛ ሞላሁ።

"ይሄ ዛሬ እንደሚችሉበት ነው የሚያሳየው" አለኝ። "ያን ጊዜ እንዳደረጉት አያሳይም።"

ልክ ነበር፤ አልተከራከርኩም። ቦርሳዬን ከፈትኩ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ካለው ፋይል ግማሹ የእኔ ማመልከቻ ነው። የውኃው መስመር ሰፈራችንን እኩሌታ ላይ ጥሎ ስለቆመ ለሚመለከተው ሁሉ አጽፌያለሁ፤ ቅጂው ላይ የገቢ ማህተም ሳላስመታ ከቢሮ ወጥቼ አላውቅም። ማህተሙ ላይ ያለውን ቀን እያነበብኩ፣ ልጅቷ ፋይሉን እያወጣች አስተያየነው። የመጀመሪያው አንድ ነው። ሁለተኛውም አንድ ነው። አምስተኛው ላይ መምህሩ ጣቱን አነሳ።

"ይሄ አይገጥምም። ማህተሙ ጥቅምት ሠላሳ ይላል፤ ፋይሉ ሃያ ስምንት ነው።"

"ሠላሳን እምቢ ይላል።"

"ማን?"

"እሱ። ይሞክሩት።"

ሁለተኛውን ወር ከፍቶ ሠላሳን ፈለገ። የለም። "ፌብሩዋሪ" አለ ለራሱ፣ ከዚያም ሳቀ። "ይሄንን ሰው ቁጭ ብሎ አይፈጥረውም።" የልጅ ልጄ ጽሑፍ በትክክለኛው ቀን ሲሰላ ከጓደኛዋ አሥራ አንድ ቀን ይቀድማል። "ይቅርታ፣ እናቴ። ዜሮው የሌላዋ ነው" አለኝ። ልጅቷ ወዲያው ገመዱን መጠቅለል ጀመረች።

"ሌላዋን ጠይቀዋታል?" አልኩት።

"ፋይሉ ይናገራል እኮ።"

"የእኛም ፋይል ትናንት ተናግሮ ነበር።"

የልጅ ልጄ ክንዴን ነካችኝ። "እማዬ፣ እንሂድ። ባጃጁ እየጠበቀን ነው።" ባጃጁ ከሄደ ቆይቷል።

አልተነሳሁም። መምህሩ እኔን ከማስነሳት ሌላዋን ልጅ ማስጠራት ቀለለው። መጣች፤ ቀጭን ናት፣ ሻሿን ሁለት ጊዜ አስተካከለች።

"ቀድተሻል?" አላት።

"ቀድቻለሁ።" ወደ ልጅ ልጄ አየች። "ግን ማንጎ ሻጮቹን ማን እንዳነጋገራቸው እሷን ይጠይቋት።"

"ንገሪኛ አንቺው።"

"ሴቶቹ አማርኛ ብዙም አይሆንላቸውም። እናቴም እዚያው አብራቸው ትሸጣለች። ሁሉንም በበርታኛ የጠየቅኳቸው እኔ ነኝ። የሚሉትን እነግራታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። እኛ ቤት ኮምፒውተር የለም። ስትጨርስ በፍላሽ ሰጠችኝ፤ በአጎቴ ላፕቶፕ ስሙን ብቻ ቀይሬ አስገባሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። "ፍላሹን በጣቴ የያዝኩት ራሴ ነኝ፣ እርስዎ ቤት። እርስዎ ቀበሌ ሄደው ነበር።"

ቀበሌ መሄዴ እውነት ነው።

"እንዲህ ነው?" አልኳት የልጅ ልጄን።

"ነው።"

"ትናንት ይሄን አልነገርሽኝም።"

"አልጠየቅሽኝም።"

ይሄም እውነት ነው። የጠየቅኋት ስለ ቀኑ ብቻ ነበር።

መምህሩ ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ ሲያንከባልል ቆየ። "ሥራው የግል ነበር" አለ። "አንዷ ያለ ሌላዋ አልሠራችውም፣ ሁለታችሁም የብቻዬ ነው ብላችኋል። ዜሮ አልሰጥም። አሥር ቀን አላችሁ፤ ለየብቻችሁ እንደገና ጻፉ። ከሲ በላይ ግን አትጠብቁ።"

በሌላ ባጃጅ ስንመለስ የልጅ ልጄ ሳጥኑን አቅፋ ውጭ ውጭውን ታያለች።

"አሸንፈሽ ነበር እኮ፣ እማዬ።"

"ግማሹን ሰምቶ ነበር የፈረደው።"

"ግማሹ ለእኔ ይበቃኝ ነበር።"

"ለእሷስ?"



አጎትየው ላፕቶፑን ስለከለከላት ጓደኛዋም እኛ ቤት መጥታ እንድትጽፍ አደረግሁ። ጠዋት አንዷ፣ ከሰዓት በኋላ ሌላዋ። የአንዷን ሌላዋ እንዳታይ እኔ በሩ ላይ ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን በልጅ ልጄ ተራ መብራት ለሁለት ሰዓት ጠፋ። ከጓደኛዋ ተራ አንድ ሰዓት ቀንሼ ለእሷ ጨመርኩላት። አንደኛዋ ለምን ተቀነሰብኝ ብላ፣ ሌላዋ ለምን ሁለቱም ሰዓት አልተተካልኝም ብላ ተቆጡኝ። በዚያው ሰሞን በረንዳው ላይ ሆነው አብረው ሲያሙኝ ሰምቻለሁ። ቀኑን ግን በእነዚያ አሥር ቀናት በፈረንጅ ሞላሁት፤ የመምህሩን ሥራ ላለማብዛት ነው።

ውጤቱ የወጣ ዕለት ከኮሌጅ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

"ሲ" አለችኝ።

"ጓደኛሽስ?"

"እሷም ሲ።"

"ይመረቃል በዚህ?"

"ይመረቃል።"

"ማናችሁ በለጣችሁ?"

"እኩል ነን" አለች። "እንኳን ደስ አለሽ።"