ሳይቀምስ የቀዳልኝ ውስኪ

በ2015 ዓ.ም. ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ልጄን ለማግባት የሚፈልጋት ጎረምሳ መካነ ሰላም ቤቴ ድረስ ውስኪ ይዞልኝ መጣ። የተወለደው ከእስላም ቤት ነው። ልጄ በሩ ላይ ቆማ ሁለታችንን ታያለች፤ እኔ እምቢ ካልኩ ነገሩ እዚያው ያበቃል።

ቀዳና በሁለት እጁ ሰጠኝ። እኛ ዘንድ የቀዳ ሰው አስቀድሞ ይቀምሳል፤ ሳይቀምስ የሚያጠጣ ክፉ ያሰበ ነው። ደግሞ ጭስ ጭስ ሸተተኝ።

«ቅመስ» አልኩት።

«አልጠጣም አባባ፣ ሐራም ነው።»

«ታዲያ ለኔ ያመጣኸው መርዝ ነው? ጭስ ጭስም ይሸታል።»

«አባዬ!» አለች ልጄ። «ገብሱን በጭስ ስለሚያደርቁት ነው። ኋላ የወይን ጠጅ በነበረበት በርሜል ያከርሙታል።»

«አንቺን አልጠየቅኩም።»

ልጁ ላብ በላብ ሆነ፤ መለኪያውን ግን አልነካም። እንደኔ ግትር ነው አልኩ በሆዴ። ለኔ ሲል ሃይማኖቱን ቢያፈርስ ኖሮ ልጄን አልሰጠውም ነበር።

ሳይቀመስ ጠጣሁት። መጀመሪያ በወይራ የታጠነ ጋን ጋን አለኝ፤ ቆይቶ የወይን ጣፋጭነት ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

«ሽማግሌ ላክ» አልኩት።

የሱ ሽማግሌዎች እኔ ክርስቲያኑ ያረድኩትን አይበሉም። በማግስቱ ጠዋት እስላሙ ጎረቤቴ ዘንድ ሄጄ፣ በጌን መጥቶ እንዲያርድልኝ ለመንኩት።