ዱላ የጨበጠው ዓሣ

ይህ የሆነው ባለፈው ኅዳር ዋጃ ከተማ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ የሰው ደረት ሳላይ መንገድ መሄድ አልቻልኩም።

ታናሽ ወንድሜ ሰይድ ሥራ ፍለጋ በአፋር በኩል ባሕር ሊሻገር ከቆቦ ከወጣ ሁለት ዓመት አልፎታል። አንድ ቀን እንኳ አልደወለም። የወጣ ዕለት የለበሰው እኔ ከልባሽ ተራ የገዛሁለትን ሸሚዝ ነበር። ብርቱካንማና ሐምራዊ መስመር ያለበት፣ ኮሌታ የሌለው፣ ደረቱ ላይ ዱላ የጨበጠ ትልቅ ዓሣ የተሳለበት ጉድ ነው። ነጋዴው "ወላሂ መንታ የለውም" ብሎ ነው የሸጠልኝ።

ጎረቤታችን ያለ መምህር ሲያየው "ይሄማ የቤዝቦል መለያ ነው፤ ኳስ በዱላ የሚመቱ ፈረንጆች ናቸው የሚለብሱት" አለን። ሰፈሩ ሳቀበት፤ ሰይድም "ዓሣው" የሚል ስም ወጣለት። እሱ ግን "ከሺህ ሰው መሀል ለይታችሁ ታውቁኛላችሁ" እያለ ይኮራበት ነበር። አንድ ቁልፉ ወልቆ ስለነበር ከአሮጌ ካፖርቴ ጥቁር ቁልፍ ፈትቼ ተከልኩለት።

የፈለግነውም በዚያው ሸሚዝ ነበር። እሱን ለማያውቁ ሹፌሮችና ነጋዴዎች ስለ ዓሣው እንነግራቸዋለን። አንዱ ሎጊያ ላይ አየሁት አለን። ሌላው ሚሌ መኪና ሲጭን አየሁት አለ። አላማጣ ሻይ ሲጠጣ ያየውም ነበር። ወሬ በመጣ ቁጥር እማ ታለቅሳለች፣ ትስቃለች፣ ዱዓ ታስደርጋለች። ሁለቱን ዓመት የኖርነው በዚያ ወሬ ነው።

ያን ቀን ዋጃ ማሽላ ልገዛ ሄጄ ነበር። ከአስፋልቱ ማዶ ያንን ሸሚዝ የለበሰ ሰው ጎንበስ ብሎ ጆንያ ያወርዳል። ቁመቱም የሰይድ ነው። "ሰይድ!" ብዬ ግራ ቀኝ ሳላይ ተሻገርኩ፤ ሊገጨኝ የነበረ የባጃጅ ሹፌር ሰደበኝ። ክንዱን ያዝኩት። ሲዞር ፊቱ የሌላ ሰው ነው።

"ከማን ላይ ነው የገፈፍከው?" ብዬ ጮህኩበት። ወንድሜን ገድሎ የለበሰው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ቁልፎቹን አየሁ። ሁሉም ነጭ ናቸው።

ሰውየው ደንግጦ፣ "እህቴ፣ ወላሂ ሮቢት ገበያ ነው የገዛሁት። የልባሹ ቦንዳ ሲፈታ ሙሉው ይሄው ሸሚዝ ነበር። እኛ ጫኞቹ ርካሽ ነው ብለን ተሻማንበት። ጓደኞቼ እሱኑ ለብሰው ሎጊያም ሚሌም ይጭናሉ፤ አላማጣም አሉ" አለኝ።

ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ውሃ አምጥቶ "አብሽሪ፣ አላህ ያገናኛችሁ" እያለ አጽናናኝ። እኔ ግን ሎጊያን፣ ሚሌን፣ አላማጣን እያሰብኩ ነበር። የታየው ሸሚዙ እንጂ ሰይድ አልነበረም። ሰይድን ያየ ሰው ኖሮ አያውቅም።

ማሽላውን ሳልገዛ ተመለስኩ። ለእማ መዋሸት አቅቶኝ እንዳለ ነገርኳት። ሰማችኝና ፊቷ በራ።

"ታዲያ ከነሱ አንዱ እሱ ይሆናላ!" አለችኝ።

ወጥቼ ከቤቱ ጓሮ አለቀስኩ።

እማ ዛሬም መንገደኛ ሲመጣ ስለ ዓሣው ትጠይቃለች፤ አየን የሚልም አታጣም። እኔ የምጠይቀው ስለ ጥቁሩ ቁልፍ ነው። ቁልፉን ያየ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም። ተስፋዬ ዋጃ ላይ አልቋል፤ የምጠይቀው እማ አጠገቤ ቆማ ስለምትሰማኝ ብቻ ነው።