ከነከረጢቴ አስተምራለሁ

ባለፈው ሳምንት አንዲት የማላውቃት ልጅ ደወለችልኝ። «እኔንም አንጀቴን በሆዴ በኩል አውጥተውልኛል። እውነት አንቺ በዚህ ሁኔታ ሥራ ትሠሪያለሽ?» አለችኝ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። መጀመሪያ የተመደብኩባት ከተማ፣ ባኮ፣ ትዝ አለችኝ።

ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። አምቦ ተወልጄ ያደግሁ፣ ገና የተመረቅሁ የባዮሎጂ መምህርት። ምደባዬ በወጣ በወሩ አንጀቴ ተጠማዝዞ ለጥቂት ተረፍኩ። ሐኪሞቹ የሞተውን ክፍል ቆርጠው፣ የቀረውን ጫፍ በሆዴ ግራ በኩል አወጡት። ከዚያ ወዲህ ዓይነ ምድሬ የሚወጣው በዚያ ነው፤ የሚጠራቀመውም ቆዳዬ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ውስጥ። ቁስሌ ሲጠግግ እናቴ «ቤትሽ ተቀመጪ» ስትለኝ ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

መንገዱ ጉደርንና ጌዶን አልፎ ወደ ባኮ ሲወርድ የደጋው ብርድ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ዓይን እስኪደክም በቆሎ ነው። ሙቀት ይህን ያህል ጠላቴ እንደሚሆን አላወቅሁም። በሁለተኛው ሳምንት፣ ዘጠነኛ ክፍል እያስተማርኩ፣ ማጣበቂያው በላብ ለቀቀ። ተማሪዎቹ አፍንጫቸውን ያዙ። ጠመኔውን ጥዬ ወጣሁ።

ምክትል ርዕሰ መምህሩ ኦቦ ቶሎሳ ደግ ሰው ነበሩ፤ ያናደደኝም ደግነታቸው ነው።

«ልጄ፣ መዝገብ ቤት ክፍት ቦታ አለ። እዚያ ማንም አያይሽም።»

«ኦቦ ቶሎሳ፣ እኔ የተማርኩት ሰው ፊት ልቆም ነው።»

«እንግዲያው ሰኞ ክፍልሽ ይጠብቅሻል» አሉ።

ቅዳሜ አምቦ ተመልሼ ሲስተር ወርቅነሽ የምትባል ነርስ ዘንድ ሄድኩ። ከረጢቱን ስታነሳው ዙሪያው ያለው ቆዳ ተልጦ ቀልቷል።

«የማጣበቂያውን ቀዳዳ ማን ነው እንዲህ አስፍቶ የቆረጠው?»

«እኔ።»

«ይሄማ በር ነው! ሰገራው ቆዳሽን እየበላው ነው።»

የአንጀቴን ጫፍ በወረቀት ለካችልኝ፤ የክር ውፍረት ያህል ብቻ ትርፍ ትታ ቆረጠች። ቆዳዬን ለብ ባለ ውሃ አጥቤ በደንብ እንዳደርቅ፣ ከለጠፍኩ በኋላ እስኪሞቅ መዳፌን እንድጭንበት አሳየችኝ። መለወጫ ከረጢቶቼን ከጣሪያው ቆርቆሮ ሥር ማስቀመጤን ስነግራት ራሷን ያዘች፤ ሙቀት ማጣበቂያውን ያበላሸዋል። የኔ ከረጢት ታችኛው ጫፉ የተደፈነ ስለነበር፣ እንዳይሞላብኝ ጾሜን ነበር ክፍል የምገባው። ከዘረጋችልኝ ከረጢቶች መካከል በታች የሚከፈተውን፣ በመቆንጠጫ የሚዘጋውን መረጥኩ።

«ሲሶው ሲሞላ አፍስሺ፤ አጥበሽ ዝጊ» አለች። «ደግሞ ብይ! ረሃብ ማንንም አላዳነም።»

እሑድ ስመለስ ጌዶ ላይ የተጠበሰ በቆሎ ገዛሁ። መኪና ውስጥ ቀስ ብዬ እያላመጥኩ ጨረስኩት። እንደዚያ የጣፈጠኝ በቆሎ የለም።

ሰኞ ሰሌዳው ላይ የሰውን አንጀት ሣልኩ። ትልቁ አንጀት ላይ ስደርስ መስመሩን ቆርጬ ወደ ጎን አወጣሁት።

«የእኔ እዚህ ጋ ያበቃል። ባለፈው ሳምንት የሸተታችሁም ይኸው ነው።»

ጫልቱ የምትባል ተማሪ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ ያማል?»

«እሱ አያምም። ያመመኝ አፍንጫችሁን ስትይዙ ነው።»

ይህን ብዬ ሳልጨርስ ሆዴ ጮኸ። አንዱ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ትምህርቱንም ቀጠልኩ። ኦቦ ቶሎሳ ለካ በር ላይ ቆመው ኖሯል። «ጀባዱ!» ብለውኝ ሄዱ፤ በርቺ ማለታቸው ነው።

ለልጅቷ ይህን ሁሉ ነገርኳት። ከዚያም በኋላ ከረጢቱ ለቅቆብኝ እንደሚያውቅ አልደበቅኋትም፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ አንዴም ሠርግ ላይ። ታጥቤ፣ ቀይሬ፣ ወደ ቦታዬ ተመልሻለሁ። ከሆዴ የሚወጣው መቼ እንደሚወጣ አያማክረኝም። የት እንደምቆም ግን የምወስነው እኔ ነኝ።